ቦርሳህን ወደ ፊት!

ትናንት ብቻ አስራ አንድ ሰው ነገረኝ። ቆጥሬያለሁ።

ናፖሊ አራት ቀን ቆየሁ። በአራቱም ቀን ከተማው ለእኔ የነበረው ወሬ አንድ ነው፤ "ቦርሳህን ወደ ፊት!" መጀመሪያ የነገረኝ ከሮም ስመጣ ባቡር ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ገና ሳንወርድ በጣቱ ጀርባዬን ጠቆመኝ፤ ቀጥሎ የራሱን ደረት መታ መታ አደረገና "ዛይኖ ዳቫንቲ" አለኝ። ዛይኖ የጀርባ ቦርሳ ነው። ዳቫንቲ ወደ ፊት። አመሰገንኩት። ሁለተኛው ጋሪባልዲ አደባባይ ላይ ካልሲ የሚሸጥ ልጅ ነው። እሱንም አመሰገንኩ። ሦስተኛዋ መነኩሲት ናት። አራተኛው አንድ ሞተር ላይ ለሦስት ከተፈናጠጡት ጎረምሶች የመሃለኛው ነው። ሦስቱም ሄልሜት የላቸውም፣ መብራቱን ጥሰው ነው የሚያልፉት፣ ልጁ ግን አንገቱን ጠምዝዞ ስለ እኔ ቦርሳ ይጨነቃል።

አምስተኛዋ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የቆሙ ባልቴት ናቸው። ቅርጫት በገመድ አውርደው ታች ካለው ሱቅ ዳቦ እያስጨመሩ ነበር። ቅርጫቱን ፓናሮ ይሉታል። አሳንሰር ለሌለው ቤትና ጉልበት ለሌለው እግር የተፈጠረ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ዳቦው ወደ ላይ ሲጎተት አዩኝ። ገመዱ ቆመ። "ጆቫኖቶ! ላ ቦርሳ! ላ ቦርሳ!" ዳቦው አየር ላይ ይወዛወዛል። ባለሱቁ ቀና ብሎ ያያል። አንድ ውሻም ያያል። መንገድ መሃል ቆሜ ቦርሳዬን አውልቄ ወደ ፊት አደረግኩት። ያን ጊዜ ዳቦው ጉዞውን ቀጠለ።

እነዚህ ሰዎች ከቬሱቪዮ ስር ነው የሚኖሩት። ፖምፔይን እ.ኤ.አ. በ79 በአመድ የቀበረው እሳተ ገሞራ ማለት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1944 ነው፤ ማለትም በሰው ዕድሜ። ወገቡ ድረስ ቤት ሠርተውበታል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው እዚያ ይተኛል፣ እዚያ ይነቃል። በምዕራብ በኩል ደግሞ መሬቱ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ሁሉ ረስተው ቡናቸውን ይጠጣሉ። የሚያስፈራቸው የእኔ ካልሲ መሰረቁ ነው።

"ላ ቦርሳ" ሲሉኝ ግን ለመተርጎም ጊዜ አልፈጀብኝም። ቦርሳ የእነሱ ቃል ነው። አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ክረምት ክረምቱን ስላሳለፍኩ ጣሊያንኛ ሳላውቀው ነው የተማርኩት። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ። አንድ አሮጌ ፊያት በቃል ፈታትቼ በቃል መግጠም እችላለሁ። ሽንት ቤት የት እንደሆነ መጠየቅ ግን አልችልም። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ "ጎሚስታ" የሚል ታፔላ አየሁ። ከስሩ ጎማ የተደረደረበት፣ እጁ ግራሶ የሆነ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ የሚያጨስበት፣ ልክ የአጎቴ ሰፈር የመሰለ ቤት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰውዬው አየኝ። ምን እንዳለኝ አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ።

ቦርሳ ደረት ላይ ሲንጠለጠል ሰው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የስምንት ወር እርጉዝ ይመስላል። ስትሄድ እግርህን አታየውም። የናፖሊ መንገድ ደግሞ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ገባ ያለ። አንዴ ተደናቅፌ የአንድ ሰው ቤት ውስጥ ገባሁ። አላጋነንኩም። እዚያ "ባሶ" የሚባሉ አንድ ክፍል ቤቶች አሉ፤ በራቸው በቀጥታ መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው። ሴትዮዋ ባቄላ ይፈለፍላሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ እኔ ከነእርግዝናዬ ምንጣፋቸው ላይ ቆሜያለሁ። አልደነገጡም። ቦርሳዬን አዩት። ወደ ፊት መሆኑን አረጋገጡ። በራሳቸው ነቀነቁልኝና ወደ ባቄላቸው ተመለሱ።

ከሁሉም በላይ እኛ አገር የሚታዘለው ወደ ኋላ ነው። ልጅ ወደ ኋላ ነው፣ እንስራ ወደ ኋላ ነው፣ የማገዶ ሸክም ወደ ኋላ ነው። እናቴ አራት ልጅ በአንቀልባ አዝላ አሳድጋለች፤ አንዳችንም አልተሰረቅንም።

እውነቱን ለመናገር ግን የሚያናድደኝ የእርግዝናው ነገር ብቻ አይደለም። የቆየ ቂም አለኝ። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ መርካቶ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግፊያው ጦፏል። አንድ ጨዋ የሚመስል፣ ኮቱን የለበሰ ጎልማሳ ጠጋ አለኝና "ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ ኪስህን ጠበቅ አድርግ፤ ሌባ በዝቷል" አለኝ። ልቤ ተነካ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። እጄ ወዲያው ግራ ኪሴ ላይ አረፈ። ስልኬ አለ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ አለፈ። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ስልኬ የለም። ለካ የት እንዳለ አላወቀም ነበር። መርቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ስልኩ እንኳ ይቅር፣ ኖኪያ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለቴ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ "ተጠንቀቅ" የሚለኝን ሰው ሁሉ እጁን ነው የማየው። ናፖሊ ውስጥ ደግሞ የማይነግረኝ ሰው የለም፤ አስራ አንድ ሰው፣ ሃያ ሁለት እጅ። የስንቱን ልይ?

መንገድ መሻገር ላይ ግን ኮርቻለሁ፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ናፖሊ ውስጥ ዜብራ ጌጥ ነው። መኪናው አይቆምም፤ አንተም አትቆምም፤ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ፣ በመሃል ላይ ትግባባላችሁ። የሜክሲኮንና የመገናኛን ታክሲ ያየ ሰው ለዚህ ትምህርት አያስፈልገውም። የሆስቴሉ ልጆች፣ አንድ አውስትራሊያዊና አንድ ሆላንዳዊ፣ አስፋልቱ ዳር አስር ደቂቃ ቆመው አየኋቸው። እጄን ወደ መኪናው ዘርግቼ ገባሁ፤ ተከተሉኝ። ባሕሩ ተከፈለ። ሙሴ እንኳ እንዲያ ያለ ሕዝብ አልመራም፤ የእሱ ሕዝብ ያጉረመርም ነበር፣ የእኔ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር።

ሆላንዳዊውን ካነሳሁት አይቀር። ከአገሩ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው። "ነገ የት እንደምሄድ አላውቅም" ይላል፤ ሲል ደስ ይለዋል። የሆስቴሉ ሰው ሁሉ በቅናት ያየዋል። ባክፓከር ማለት ይሄ ነው፤ ነፃ ሰው። የአክስቴ ልጅ በሊቢያ በኩል ሲመጣ እሱም ነገ የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር። ቦርሳውም ከሆላንዳዊው ቦርሳ ያነሰች ናት። እሱን ግን በቅናት ያየው የለም። ካምፕ ነው ያስገቡት። ለአንድ ዓይነት ቦርሳ ሁለት ስም አለ፤ ስሙን የሚሰጠው ፓስፖርትህ ነው። እኔም ጀርመን አገር ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ይዤ፣ በሕጋዊ ዕረፍቴ ነው የመጣሁት። ሦስታችን ጎን ለጎን ስንሄድ ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች አስቆሙን። አስቆሙን ስል ተሳሳትኩ፤ እኔን አስቆሙኝ። ሁለቱ ቆመው ጠበቁኝ። ካርዴን አገላብጠው አዩት፣ በሬዲዮ አነበቡት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሆላንዳዊው ፓስፖርቱን ሆስቴል ረስቶት እንደነበር ኋላ ሲስቅ ነገረን። እኔ አልሳቅኩም። ሰውዬው ካርዱን መለሰልኝና ምን እንዳለኝ ገምቱ። "ዛይኖ ዳቫንቲ።"

ተናድጄ አንድ ቡና ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ረጅም ነው፤ ወንበር የለም። ናፖሊዎች ቡና የሚጠጡት ቆመው ነው። መጀመሪያ አንዲት ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ የምትፋጅ ሲኒ፣ ሦስት ጉንጭ፣ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ቀጭ፣ ቻው። ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ከሰዓቱን በሙሉ ለሚቀመጥ ሕዝብ ይሄ ቡና መጠጣት ሳይሆን ክትባት ነው። የዋጋ ዝርዝሩን ለማንበብ ቆምኩ። ማኪያቶ የሚለውን አገኘሁ፤ ግን የእኛው ማኪያቶ እንዳልሆነ የሚያውቁ ነግረውኛል፤ እዚህ ወተቱ ጠብታ ናት፣ ለመሃላ ነው የሚነካኳት። እያመነታሁ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ታቅፌ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። ባሬስታው አየኝ። ከየት ነህ አለኝ። "ኤቲዮፒያ!" አልኩት፣ አንገቴን ቀጥ አድርጌ። ለአፍታ ዝም አለ። ቡናውን ቀድቶ ፊቴ አስቀመጠ። ሳንቲም ሳወጣ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ አልቀበልም አለ።

ወገኖቼ፣ እንዴት እንደወጣሁ ልንገራችሁ? አብጬ ነው የወጣሁት። አዩ፣ ያውቃሉ ማለት ነው! ከፋ ያበቀለውን ያውቃሉ! ለቡና አገር ልጅ ቡና አይሸጥም! ያን ዕለት በስፓካናፖሊ፣ ከተማውን እንደ ዳቦ ለሁለት በሚሰነጥቀው ቀጭን መንገድ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ቦርሳውን መልሼ ጀርባዬ ላይ አደረግኩት። የሚነፋ ደረት ከቦርሳ ጋር አይሆንም።

እዚህ ላይ የምወደውን ተረት ካልተናገርኩ ወጉ አይወጣልኝም። "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።" ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሰው ሁሉ ለአባይ ሲዘፍን፣ ሲያለቅስ፣ ሲወቅሰው፣ ይህ ተረት ብቻ አዘነለት። ትልቅ ወንዝ ነው፣ ግን ቤት የለውም፤ ቤት ሳይኖረው ደግሞ ዕቃ ይዟል! ምን ሊያደርግለት? የት ሊያስቀምጠው? ቦርሳዬን በተሸከምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ሁሉም በመብራቱ ሲደሰት እኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። አባይ ማደሪያ አገኘ፤ ተረቴ ጡረታ ወጣ። አዲስ ተረት እስኪወጣ ምን ልበል?

እንግዲህ ይህን እያሰብኩ በስፓካናፖሊ ስሄድ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? አባይን። በእብነ በረድ። ጎኑን ተጋድሞ።

አዎ፣ ናፖሊ ውስጥ የአባይ ሐውልት አለ። በሮማውያን ዘመን ከእስክንድርያ የመጡ ነጋዴዎች እዚያ ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ የአገራቸውን ወንዝ ናፍቀው ነው ያቆሙት። ይህን የሚያህል ጢም ያለው ሽማግሌ ነው። እግሩ ስር አዞ አለ፤ ክንዱን ስፊንክስ ላይ አስደግፏል። አጠገቡ ያለችው አደባባይም ስሟ ኒሎ ነው። ከዚያ አለፍ ሲል ደግሞ ኦሪየንታሌ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አማርኛና ግዕዝ ያስተምራሉ። የሐውልቱ ታሪክ ራሱ ወግ ነው። በአስራ አምስተኛው መቶ ዘመን ሲገኝ አንገቱ የለም ነበር። ዙሪያውን የከበቡትን ሕፃናት አይተው ናፖሊዎች ሴት መሰላቸው፤ ልጆቿን የምታጠባ እናት። "የናፖሊ አካል" አሏት። በ1657 ጢም ያለው ራስ ሲገጠምለት ነው ወንድነቱ የተመለሰው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አባይን እናት አድርገው ኖረዋል፤ እሱም ዝም አለ። ፊት ለፊቱ ያለው ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ የማራዶና ፀጉር ነው የተባለ አንድ ዘለላ በመስታወት ተቀምጦ ሰው ይሳለመዋል። አልፈርድም። ከ1984 እስከ 1991 ተጫውቶላቸው፣ በ1987 እና በ1990 ዋንጫ ያበላ ሰው ነው። እኛ ለስንቱ ተንበርክከናል፣ ያውም ያለ ዋንጫ።

ሐውልቱን አፍጥጬ አየሁት። ግንዱን ፈለግኩ። የለም። በእጁ የያዘው ፍሬ የሞላበት ቀንድ ነው። ተመቻችቶ ተጋድሟል። ማደሪያ የሌለው አባይ ይሄ ነው? ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ በአማርኛ "አንተ ሽማግሌ፣ ግንድህስ?" አልኩት።

ከኋላዬ ድምፅ መጣ። በአማርኛ። ጥርት ባለ የጉለሌ አማርኛ።

"አንተ ልጅ፣ ቦርሳህን ወደ ፊት አድርግ!"

አባይ የተናገረ መሰለኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ዘወር ስል ሻሽ ያሰሩ፣ ባለጎማ የገበያ ቦርሳ የሚጎትቱ እናት ናቸው።

"እትዬ፣ ደህና ዋሉ?" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዳ ነህ?"

"በምን አወቁ?"

"ከድንጋይ ጋር ታወራለህ። ቦርሳህ ደግሞ ከኋላ ነው።" በጣታቸው ሐውልቱን ጠቆሙኝ። "ያቺን ስር ያለችውን ታያለህ? የስፊንክሷን ራስ ቆርጠው ሰርቀዋት ነበር። ስንት ዘመን ጠፍታ በፈረንጅ 2013 ላይ ኦስትሪያ ነው የተገኘችው። አባይን የሰረቀ አንተን ይምርሃል?"

አሳመኑኝ። ቦርሳዬን ገለበጥኩ።

እትዬ ናፖሊ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሰው ቤት ሥራ መጡ፤ ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬ ልጅ አላቸው። አሁን አንዲት አሮጊት ይጦራሉ፤ "እሷ ትሁን እኔ የምጦረው መለየት አቅቶናል" ይላሉ። ሲናገሩ መሃል መሃል ላይ "ጓልዮ" ይሉኛል፤ በናፖሊኛ "አንተ ልጅ" እንደማለት ነው። ቡና ልጋብዝህ ብለው ወሰዱኝ። ቤታቸው ባሶ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ኪዳነ ምሕረት፣ አጠገቧ የናፖሊ ጠባቂ ቅዱስ ሳን ጄናሮ፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ማራዶና። አሮጊቷ ጥግ ላይ ያንቀላፋሉ። በጣሊያን ማንቆርቆሪያ አፈሉ፤ ቀዱ፤ ውሃ ጨምረው እንደገና አፈሉ፤ ደግሞ እንደገና። "ቶናና በረካ ከሌለማ ቡና ነው?" አሉ። ሦስተኛው ሲኒ ምን ምን እንደሚል አልጽፍም፤ ጠጣሁት።

የባሬስታውን ነገር በኩራት ነገርኳቸው። ለቡና አገር ልጅ ክብር ሲል ገንዘብ አልቀበልም እንዳለኝ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ሶስፔዞ ነው የሰጠህ፣ ልጄ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"የተንጠለጠለ ቡና። አንድ ሰው ይመጣል፣ አንድ ጠጥቶ የሁለት ይከፍላል። ሁለተኛው ይቀመጣል፤ መክፈል ለማይችል ሰው። ቦርሳህን ታቅፈህ ዋጋ ስታነብ አይቶህ፣ ቸግሮታል ብሎ ነው።"

የቡና አገር ልጅ! በምጽዋት ቡና! ከነኩራቴ! ያን ቡና ቤት ደግሜ እንደማላየው ማልኩ። (ማታ ተመልሼ ሄጄ አንድ ሰው የማላውቀው እንዲጠጣ ከፈልኩ። ደረሰኙን ሰውዬው ፊት ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው የያዝኩት። ምን ላድርግ።)

"እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው በሰው ነገር የሚገቡት?" ብዬ ጠየቅኳቸው፤ በእውነት ከፍቶኝ ነበር። እትዬ ወደ ሳን ጄናሮ ሥዕል አዩ። ናፖሊዎች በዓመት ሦስት ጊዜ የደረቀ ደሙ ፈሳሽ እንዲሆን ካቴድራሉ ውስጥ ይጠባበቃሉ። ከዘገየ አሮጊቶቹ ሴቶች ከፊት ተቀምጠው ይሰድቡታል። "አንተ ቢጫ ፊት! ምን ትጠብቃለህ!" እያሉ። በገዛ ቅዱሳቸው ላይ እንዲህ የሚጮሁ ሴቶች እኔን ከነቦርሳዬ ዝም ብለው እንዲያሳልፉኝ መጠበቄ የእኔ ሞኝነት ነው።

"ግድቡ አለቀ አይደል?" አሉኝ በመሃል።

"አለቀ እትዬ።"

"ሦስት ጊዜ ቦንድ ገዝቻለሁ። ከደሞዜ።" በጣታቸው የሲኒውን አፍ ዞሩት። "እሱስ ገባ።"

ያልጨረሱትን እኔም አልጨረስኩላቸውም።

ስነሳ ከመሳቢያ አንዲት ቀይ ቀንድ አወጡ፤ የጣት ጫፍ የምታክል፣ በርበሬ የመሰለች። ኮርኔቶ ናት፣ ለቡዳ። ጣሊያኖቹም ዓይን ይፈራሉ፤ ሳን ግሬጎርዮ አርሜኖ መንገድ ላይ ከገና ምስሎች ጋር በክምር ትሸጣለች። ለራስ ግን አይገዟትም አሉኝ፤ ሰው ነው የሚሰጥህ፣ አለበለዚያ አትሠራም።

"እትዬ፣ እኔኮ ማተብ አለኝ።"

"ማተቡ ለአንተ። ይሄ ለቦርሳህ።"

የቦርሳዬ ዚፕ ላይ በእጃቸው አሰሩልኝ። አፍንጫዬ ስር ማለት ነው፤ ቦርሳው ወደ ፊት ነዋ።

ከበር ላይ ሆነው አንድ ነገር ጨመሩልኝ። "ፉዮሪግሮታ ሄደህ የፋሲልን መዋኛ እይ።" የቀለዱብኝ መሰለኝ። አልቀለዱም። የማራዶና ስታዲየም ያለበት ሰፈር ነው፤ ሞስትራ ዶልትሬማሬ የሚባል ትልቅ የኤግዚቢሽን ግቢ አለ። በሙሶሊኒ ዘመን፣ በሜይ 1940 ነው የተከፈተው፤ "የባሕር ማዶ ግዛቶቻችን" ለማሳየት። እውነትም ውስጡ የጎንደሩ የፋሲል መዋኛ ቅጂ አለ። ውሃው፣ መሃል ላይ ያለው ግንብ፣ ሁሉ ነገር። ጥምቀት ብቻ የለም። ከምሥራቅ አፍሪካ ሰው ጭነው አምጥተው ነበር፤ ለጎብኚ እንዲታይ፣ ሰው እንደ ዕቃ። በወሩ ጣሊያን ጦርነት ገባች፤ ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ፤ ሰዎቹ መመለሻ አጥተው ቀሩ።

እዚያ ውሃ ዳር ቆሜ ቀልዱ ጠፋብኝ። ቦርሳዬ ደረቴ ላይ ነው። ውስጡ ምን አለ? ሦስት ካናቴራ፣ ካልሲ፣ ቻርጀር፣ ግማሽ ዳቦ። ለዚህ ነው አንድ ከተማ ሙሉ አደራ የሚለኝ። የአክሱም ሐውልት በዚህ ወደብ ነው የገባው፤ በ1937። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ክብደት ያለው ድንጋይ፣ ተቆራርጦ፣ "አድዋ" የሚል ስም ባላት መርከብ ተጭኖ። ስሙን እንኳ አልማሩንም። ያን ዕለት ወደቡ ላይ "ኧረ ዕቃችሁን ወደ ፊት!" ያለን ሰው ነበር? ካልሲዬን የሚጠብቅልኝ ሕዝብ 160 ቶን ሲያልፍ የት ነበር? በረንዳ ላይ ያቺ ባልቴት አልነበሩም? ቅርጫቱስ? አገሩ የተመለሰው በፈረንጅ 2005 ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት።

እርግጥ ትእዛዙ የሮም ነው። ናፖሊዎች ራሳቸው በሴፕቴምበር 1943 መጨረሻ ላይ በአራት ቀን አመፅ ጀርመኖችን ከከተማቸው ያስወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል። አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ቀን ስመለስ ሦስት ሰው "ዛይኖ" ሲለኝ ለአንዱም ምስጋና አልሰጠሁም። ለአንዱ እንዲያውም በአማርኛ መለስኩለት። የመለስኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ታነባለች።

ወደ ቦርሳው ልመለስ፤ ባቡሩ ፎርሚያን አልፏል፣ ባትሪዬም እያለቀ ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያ በሜትሮ መጣሁ። ግፊያ ነው። በመጨረሻ ቀኔ እንኳ ልስማቸው ብዬ ቦርሳውን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በሁለት እጄ አቅፌ፣ አገጬን ከላይ አሳርፌበት ቆምኩ። እንዲህ ታቅፎ የሚሄድ ሰው እናቱ ብቻ ናት የምትሰርቀው። ወረድኩ። ባቡሬን ያዝኩ። ቲኬት ሲጠይቁኝ ዚፑን ለመክፈት ዝቅ ስል ቀይዋ ቀንድ የለችም። ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል። ቲኬቱ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ካልሲው አለ።

ለእትዬ ደወልኩ።

"ቦርሳህ የት ነበር?" ነው ያሉኝ፣ ከሰላምታ በፊት።

"ደረቴ ላይ። ያውም ታቅፌው።"

ዝም አሉ። ከበስተኋላቸው ማንቆርቆሪያው ሲንፎቀፎቅ ይሰማል።

"እንግዲያው ወድቃብህ ነው" አሉኝ ቆጣ ብለው። "ናፖሊ ውስጥ ከፊት አይሰረቅም።"

ዘጉት።